ጨርቁ የማይንቀሳቀስበት የፋሽን አኒሜ

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ በጣም ልወደው ስለፈለግኩትና አንጀቴን ስላልሞላው አንድ አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን አኒሜሽን፣ ነው። ስሙ «ራንዌይ ደ ዋራቴ» ይባላል። አብዛኞቻችሁ የምታውቁት «ስማይል ዳውን ዘ ራንዌይ» በሚለው የእንግሊዝኛ ስሙ ይሆናል። ራንዌይ ማለት ሞዴሎች ልብስ ለብሰው የሚራመዱበት መድረክ ነው። በጃንዋሪ 2020 ጃፓን ውስጥ መታየት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ማርች መጨረሻ ላይ በ12 ክፍል አለቀ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳንምታታ።

ላላያችሁት ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ቺዩኪ ፉጂቶ የሞዴል ኤጀንሲ ባለቤት ልጅ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ፓሪስ የፋሽን ሳምንት ላይ መራመድ። መልክ አላት፣ አረማመድ አላት፣ ቤተሰቧ ራሱ ሥራው ውስጥ ነው። ቁመቷ ግን 158 ሴንቲሜትር ላይ ቀጥ አለ። የአባቷ ኤጀንሲ እንኳ ደጋግሞ «አይሆንም» ይላታል። ኢኩቶ ጹሙራ ደግሞ እሷ በምትማርበት ትምህርት ቤት የሚማር ዝምተኛ ልጅ ነው። እናቱ ሆስፒታል ተኝታለች። ሦስት ታናናሽ እህቶቹን የሚንከባከበው እሱ ነው፣ ልብሳቸውን የሚሰፋላቸውም እሱ። ዲዛይነር መሆን ይፈልጋል፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ ገንዘብ ስለሌለ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ሥራ ለመግባት ወስኗል።

የመጀመሪያው ክፍል ላይ አንድ በጣም የምወደው ነገር አለ። ኢኩቶ ሕልሙን ሲነግራት ቺዩኪ ሳታስበው «ያ እንኳን የሚሆን አይመስለኝም» ዓይነት ነገር ትለዋለች። ዕድሜ ልኳን ስትሰማው የኖረችውን ቃል እሷው ለሌላ ሰው ደገመችው። ፊቷ ላይ ወዲያው ይታወቃል። ከዚያ ልብስ እንዲሠራላት ትጠይቀዋለች፣ ይሠራላታል፣ በዚያ ልብስ ወደ ኤጀንሲው ትመለሳለች፣ በሩም ይከፈትላታል። ይህንን ሳይ «በቃ፣ ስጠብቀው የነበረው ይሄ ነው» አልኩ። የሁለት ሰው ታሪክ፣ አንዱ የሚሠራው ሌላዋ የምትለብሰው፣ ሁለቱም «አትችሉም» የተባሉ። ከዚህ የተሻለ መነሻ ማን ይፈልጋል?

ከዚያ ተከታታዩ እየቀጠለ ሲሄድ የሆነ ነገር ይጎድለኝ ጀመር። መጀመሪያ ምን እንደሆነ መጥቀስ አቃተኝ። ታሪኩ ያስለቅሳል። ገጸ ባሕርያቱ አይሰለቹም። ግን ልብሶቹ ሲወጡ ምንም አይሰማኝም። ድጋሚ ሳየው ነው የገባኝ። ጨርቁ አይንቀሳቀስም።

ይህን ስል ዝም ብዬ የምስል ጥራት እያማረርኩ አይደለም። ብዙ ሰው «በጀቱ ትንሽ ነበር፣ ምን ታደርገዋለህ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ነገሩ ከዚያ ይከብዳል ባይ ነኝ፣ ምክንያቴንም ላስረዳ።

የፋሽን ትርኢት ለምን ይደረጋል? ልብሱን ፎቶ አንስቶ ለገዢና ለጋዜጠኛ መላክ ይቻላል እኮ። ማኒኪን ላይ ሰቅሎ ማሳየትም ይቻላል። ሰዎች ግን በዚያ ሁሉ ወጪ መብራት ተክለው፣ ሙዚቃ አስገብተው፣ ሞዴል ቀጥረው ልብሱን የሚያራምዱት ልብስ እውነቱ የሚታወቀው ሰውነት ላይ ሆኖ ሲንቀሳቀስ ስለሆነ ነው። ሐር ጉልበት ላይ ሲመታ የሚመለስበት ፍጥነት ሌላ፣ ወፍራም ሱፍ የሚመለስበት ሌላ። ሽንሽኑ ሲራመዱ ይከፈታል፣ ሲቆሙ ይዘጋል። ገበሩ ከላዩ ጨርቅ ጋር ካልተስማማ አራተኛው እርምጃ ላይ ይጎትታል። ይህንን ሁሉ የቆመ ፎቶ አይነግርህም።

አሁን አስቡት። እንቅስቃሴን በእጅ ሥሎ ማሳየት ከሚችል ጥበብ በላይ ለዚህ የሚመች ምን አለ? ካሜራ ያገኘውን ነው የሚቀርጸው። አኒሜተር ግን እያንዳንዷን እጥፋት መርጦ ነው የሚሥላት። ልብሱ እንዴት እንደሚወድቅ፣ የት ላይ እንደሚዘገይ፣ የቱ ጠርዝ ቀድሞ እንደሚነሳ እሱ ይወስናል። ስለ ፋሽን አኒሜ ተሠራ ሲባል ልቤ የዘለለው በዚህ ምክንያት ነው።

«ራንዌይ ደ ዋራቴ» ውስጥ ግን ትልልቆቹ የትርኢት ቅጽበቶች ላይ በብዛት የምናየው የቆመ ሥዕል ነው። ካሜራው ከጫማ ተነስቶ ወደ ላይ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፣ መብራት ብልጭ ይላል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ከዚያ ወደ ተመልካቾቹ ፊት ይቆረጣል። ዓይኖቻቸው ይፈጣሉ፣ አፋቸው ይከፈታል። «እንዴት ያምራል!» ይባላል። እኔ ደግሞ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ምን አይተው ነው እንደዚህ የደነገጡት እላለሁ። የልብሱ ውበት በሌሎች ሰዎች ፊት ተነገረኝ እንጂ እኔ አላየሁትም።

አንድ ቦታ ላይ በደንብ ልቁም፣ ምክንያቱም ከተከታታዩ ሁሉ ያዘንኩት እዚህ ላይ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በአንዱ ኢኩቶ የሃጂሜ ያናጊዳ ቡድን ውስጥ ለመርዳት ይገባል። ያናጊዳ በቶክዮ ትርኢት ላይ ልብስ የሚያቀርብ፣ ቁጡና ጎበዝ ዲዛይነር ነው። የትርኢቱ ሰዓት ሲደርስ አንድ ሞዴል ትጎድላለች። እዚያ የምትገኘው ቺዩኪ ናት። ልብሱ የተሠራው ለረጅም ሞዴል ነው። ኢኩቶ በቀረችው ጥቂት ሰዓት ውስጥ ለ158 ሴንቲሜትር ሰው ማስተካከል አለበት።

ልብስ የሰፋ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ላብ ላብ ይለዋል። የራንዌይ ሞዴሎች ቁመት አብዛኛውን ጊዜ ከ175 ሴንቲሜትር ይጀምራል። ልዩነቱ 17 ሴንቲሜትር ነው እንበል። ያ 17 ሴንቲሜትር ያለው የት ነው? የማያውቅ ሰው «ከታች ይቆረጣላ» ይላል። ከታች ብቻ ቢሆን ማንም ያደርገዋል። ችግሩ ልዩነቱ ሰውነት ላይ ተበትኖ ነው ያለው። ጥቂቱ እግር ላይ፣ ጥቂቱ ከወገብ በላይ፣ ጥቂቱ ክንድ ላይ። ስለዚህ ልብሱን አጭሯ ልጅ ላይ ስታለብሰው የወገቡ ስፌት ወርዶ ዳሌዋ ላይ ያርፋል። ጉልበት ላይ እንዲጠብ የተቀደደው ባቷ ላይ ይጠባል፣ ስለዚህ መራመድ ይከለክላታል። የብብቱ ቀዳዳ ጥልቅ ስለሚሆን እጇን ስታነሳ ሙሉ ልብሱ አብሮ ይነሳል። ኪሱ እጇ ከሚደርስበት በታች ይሆናል። ትከሻው ይንሸራተታል። ከታች ብትቆርጠው ደግሞ ዲዛይነሩ ያሰበው የላይና የታች ምጣኔ ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ልብስ ሆነ ማለት ነው። ገበር ካለው ሁሉንም ሁለት ጊዜ ትሠራለህ። ጨርቁ በሰያፍ የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ጣጣ ነው፤ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ በገዛ ክብደቱ እየተሳበ ስለሚረዝም ልብስ ሰፊዎች ጠርዙን ከማስተካከላቸው በፊት ሰቅለውት ያሳድሩታል። ኢኩቶ የሚያሳድርበት ሌሊት የለውም።

እስኪ ይህን እንደ ታሪክ እዩት። እዚህ ውስጥ ስንት ውሳኔ አለ! የቱን ስፌት ልፍታ? የቱን ልተወው? የትኛውን በስፒል ብቻ ይዤ ልላከው? ወገቡን ብቻ ከፍ ባደርግ ከላይ የሚተርፈውን ጨርቅ የት ልክተተው? ያናጊዳ ቢያየው ይገድለኛል ወይስ ይቀበለኛል? የዚህን ልጅ ችሎታ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም። አንድ ሙሉ ክፍል ይህን ብቻ ቢያሳይ እኔ ሳልነቃነቅ አያለሁ።

በአኒሜው ግን በአብዛኛው የምናየው ፊቱን ነው። ያልበዋል። ሰዓቱ ይሮጣል። መቀስ ይጮኻል። በውስጡ ለራሱ ይናገራል፤ ስለ ሕልሙ፣ ስለ እህቶቹ፣ ስለ ቺዩኪ። ከዚያ ልብሱ አለቀ። ምን እንዳደረገ በግርድፉ ይነገረናል፣ እጁ ጨርቁ ላይ ምን ውሳኔ እንደወሰነ ግን ተከትለን አናይም። ስሜቱን አገኘነው፤ ሥራው ራሱ አመለጠን።

ቺዩኪ በዚያ ልብስ ትወጣለች። መሐል ላይ ትወድቃለች። አዳራሹ ይደነግጣል። ከዚያ ትነሳለች፣ ትቀጥላለች፣ ፈገግ ትላለች። ከተመልካቾቹ መካከል አንዲት አዲስ የመጽሔት ሠራተኛ አለች፣ እሷም አጭር ናት፣ ፋሽን የእሷ ዓለም እንዳልሆነ አምና የተቀመጠች። ቺዩኪን ስታይ አንድ ነገር ይለወጥባታል። ይህች ሴት ናት ትዕይንቱን ያዳነችው፣ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን እሷ የምታየውን ልብስ እኔም ባየው ኖሮ ምንኛ ደስ ባለኝ። ወድቃ ስትነሳ ጨርቁ ምን ሆነ? ተጨማደደ? ተከፈተ? ከኋላዋ ተጎተተ? ውድቀትን ወደ ትርኢት የሚለውጠው ይሄ ነበር እኮ።

ለምን እንዲህ ሆነ ስትሉ አንዱ መልስ የታወቀ ነው፣ ደግሞም እውነት ነው። አንድ ሰከንድ ውስጥ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል፣ አለ። የቴሌቪዥን አኒሜ ላይ ሥዕሉ በእያንዳንዱ ፍሬም አይለወጥም፤ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 8 ወይም 12 ሥዕል ነው የሚሣለው። ስለዚህ ልብሱ ላይ አንድ ተጨማሪ እጥፋት ጨመርክ ማለት በየሰከንዱ ስምንት ጊዜ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ያንን እጥፋት ሣልክ ማለት ነው። የአበባ ሕትመት ያለው ጨርቅማ መዓት ነው። አበባው ከሰውነቱ ጋር መታጠፍ አለበት፣ ከእጥፋቱ ጀርባ መደበቅ አለበት፣ ተመልሶ መውጣት አለበት። አብዛኛው አኒሜ ገጸ ባሕርያቱን ባለ አንድ ቀለም ልብስ፣ ያውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልብስ የሚያለብሳቸው ለዚህ ነው። የፋሽን ታሪክ ደግሞ የግድ ተቃራኒውን ይጠይቃል። በየክፍሉ አዲስ ልብስ፣ አዲስ ጨርቅ፣ አዲስ ቅድ። «ራንዌይ ደ ዋራቴ»ን የሠራው ኤዞላ የሚባል ስቱዲዮ ነው፤ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ያላቸው አቅም የለውም። ዳይሬክተሩ ኖቡዮሺ ናጋያማ ነው። ሠራተኞቹን አልወቅስም። በነበራቸው ጊዜ ፊቶቹን በደንብ ሠርተዋል፣ ሁለት ሦስት ክፍል ላይ ፊት ብቻ ይዘው አስለቅሰውኛል።

ግን ድህነት ሁሉንም አያስረዳም። ገንዘብ ሲያጥር ምን ላይ እንደሚውል መምረጥ አለ። ሌሎች ሲመርጡ ደግሞ አይተናል።

«ጋንኩትሱኦ» የሚባለውን የ2004 ተከታታይ ያያችሁ አላችሁ? የጎንዞ ስቱዲዮ ሥራ ነው። የልብስ ንድፉ ላይ የኒው ዮርኳ ዲዛይነር አና ሱዊ ተሳትፋበታለች። እዚያ የጨርቁ ሕትመት ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ሰውየው ይራመዳል፣ ክንዱን ያነሳል፣ የኮቱ አበባ ግን ልክ ከጀርባ እንደተሰቀለ መጋረጃ ባለበት ይቆያል፣ የሰውየው ቅርጽ ብቻ ነው በላዩ የሚያልፈው። መጀመሪያ ዓይን ያምማል። ከሁለት ክፍል በኋላ ግን ልብሱን ሳታይ ሰውየውን ማየት አትችልም። እነሱም የሥዕል ብዛት ችግር ነበረባቸው፤ ችግሩን ይዘው መልክ አደረጉት። ቆሞ መቅረቱን ራሳቸው መረጡት፣ ከዚያም እስከ መጨረሻው አልተውትም።

ወይም «ፓራዳይስ ኪስ»ን ውሰዱ። መነሻው የአይ ያዛዋ ማንጋ፣ ማለትም የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ነው፣ በ2005 ማድሃውስ የሚባለው ስቱዲዮ በ12 ክፍል ሠራው፣ ዳይሬክተሩ ኦሳሙ ኮባያሺ ነበር። ልብ በሉ፣ 12 ክፍል። እኩል ነው። ዩካሪ የምትባል ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የምትጨነቅ ልጅ የፋሽን ተማሪዎች መንገድ ላይ ያገኟታል፣ ለትምህርት ቤታቸው ትርኢት ሞዴል ሁኚልን ይሏታል። እነዚህ ልጆች ሲሠሩ ታያላችሁ። ቤቱ በጨርቅ ተሞልቶ፣ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዷ ዶቃ ትሰፋለች፣ ሌሊቱ ያልቃል፣ ሰማያዊው ቀሚስ ገና አላለቀም። ያ ቀሚስ ተከታታዩን ሙሉ አብሮን ይኖራል። ሐሳብ ሆኖ ይጀምራል፣ ወረቀት ላይ ይወርዳል፣ ጨርቅ ይሆናል፣ በመጨረሻ ሰውነት ላይ ይወጣል። ስለዚህ ዩካሪ ለብሳው ስትወጣ ማንም «እንዴት ያምራል» ብሎ እንዲነግረኝ አልፈለግኩም። ውድድሩን ግን አያሸንፉም። ጆርጅ የሚባለው ዲዛይነራቸው የሚሠራው ልብስ ውብ ነው፣ ግን ውድ ነው፣ የሚገዛው አይገኝም። ታሪኩ ይህን ፊት ለፊት ያሳያችኋል። ጎበዝ መሆንና ከሥራህ መብላት መቻል ሁለት የተለያየ ነገር እንደሆነ ያሳያችኋል። ኮባያሺም ሁሉን አላንቀሳቀሰም፣ አልቻለምም፤ ነገር ግን ገንዘቡን የት እንደሚያፈስ ያውቅ ነበር።

ስለ ጃፓን ፋሽን እያወራን አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ ይቆጨኛል። ስለ ጨርቅ እንቅስቃሴ ከማንም በላይ ያሰቡት ጃፓኖች ናቸው ብል አላጋንንም። በ1981 ዲዛይነሮቹ ሬይ ካዋኩቦና ዮጂ ያማሞቶ ፓሪስ ገብተው ልብሳቸውን ሲያሳዩ ሰው የደነገጠው ጥቁሩንና የተተረተረውን ጠርዝ አይቶ ብቻ አልነበረም። ልብሱ ከሰውነት ርቆ፣ በሰውነትና በጨርቅ መካከል አየር ይዞ ነበር የሚራመደው። ኢሴ ሚያኬ ደግሞ ሽንሽንን ገልብጦ ሠራው። ድሮ ጨርቁን አስቀድመህ ትሸነሽናለህ፣ ከዚያ ትቆርጣለህ፣ ትሰፋለህ። እሱ መጀመሪያ ልብሱን ከሚፈለገው ሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ አስፍቶ ቆረጠና ሰፋው። ከዚያ የተሰፋውን ልብስ በወረቀት መካከል አድርጎ በሙቀት ማሽን አስጨመቀው። ልብሱ ሽንሽኑን ይዞ ልኩን ሆኖ ወጣ። ጨርቁ ፖሊስተር ስለሆነ ሽንሽኑን አይረሳም፤ ታጥቦ፣ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ከርሞም ያው ነው፣ ካውያ አይፈልግም። በ1991 ለኮሪዮግራፈሩ ዊልያም ፎርሳይት የፍራንክፈርት ባሌ ዳንሰኞች አለበሳቸው፣ ሲዘሉና ሲጠማዘዙ ልብሱ አብሯቸው እየተዘረጋና እየተሰበሰበ እንደሚሄድ አየ፣ በ1993 «ፕሊትስ ፕሊዝ» ብሎ ለሕዝብ አወጣው። ዳንሰኛ ላይ የተፈተነ ልብስ! እንዲህ ዓይነት ታሪክ ባለው አገር ውስጥ፣ ስለዚያው አገር የፋሽን ልጆች የተሠራ አኒሜ ቀሚሱን አቁሞ ሲያሳየኝ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ይገባችኋል ብዬ አስባለሁ።

ወደ ሁለተኛው ቅሬታዬ ልለፍ፤ ይህኛው ስለ ቺዩኪ ነው።

ተከታታዩ የሚጀምረው በእሷ ነው። ቁመቷ የታሪኩ መነሻ ነው። ግን የኢኩቶ ጉዳይ እየገፋ ሲመጣ እሷ ወደ ጠርዝ ትገፋለች። ኢኩቶ የጌይካ የፋሽን ውድድር ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ቶ አያኖ የሚባል የታዋቂ ዲዛይነር የልጅ ልጅ ይገጥመዋል፣ ኮኮሮ ሃሴጋዋ የምትባል ረጅም ሞዴልም አለች፣ ዲዛይነር መሆን የምትፈልግ፣ ማናጀሯ ግን ከራንዌዩ አልለቅሽም ያላት። አዳዲስ ሰዎች፣ አዳዲስ ዙሮች፣ ፉክክር፣ ነጥብ። ማንጋው የወጣው በወንዶች ልጆች ሳምንታዊ መጽሔት፣ በ«ሾኔን ማጋዚን» ላይ ስለሆነ የውድድር አወቃቀሩ ከዚያ የመጣ ነው፤ እሱን በራሱ አልጠላውም። ያልወደድኩት ቺዩኪ ብቅ ብላ ኢኩቶን አበረታትታ የምትጠፋባቸው ክፍሎች መብዛታቸውን ነው።

ደግሞ እኮ የእሷ ጥያቄ ነበር ከባዱ። ኢኩቶ ደሃ ነው፤ ድህነት በሥራ፣ በዕድልና በሰው እርዳታ ሊለወጥ ይችላል። ቁመት ግን አይለወጥም። ስለዚህ መለወጥ ያለበት ሥራው ነው። እና ሥራው ለምን ረጅም ሰው ብቻ እንደሚፈልግ ማወቅ አለብን። ምክንያቱ ጣዕም ብቻ አይደለም። ዲዛይነሩ ከትርኢቱ በፊት ልብሶቹን የሚሠራው በአንድ የናሙና ልክ ነው። ለእያንዳንዱ ሞዴል ለየብቻ አይሰፋም፤ ጊዜውም ገንዘቡም አይፈቅድለትም። ሞዴሎቹ ልብሱን መምሰል አለባቸው፣ አንዷ ብትቀር ሌላዋ ያንኑ ልብስ ለብሳ መውጣት እንድትችል። የእኛዋ ሞዴል ሊያ ከበደ በ2003 የመዋቢያ ኩባንያው የኤስቲ ላውደር ፊት ሆና ዓለም ስሟን ከመስማቱ በፊት ይህን ሁሉ የሙከራ ሰልፍ አልፋ ነው፤ ቁመቷ ግን ለናሙናው ልክ ነበር። ቺዩኪን በር ላይ የሚያቆማት ይህ አሠራር ነው። ታሪኩ ይህን ነካ አድርጎ ያልፋል። እስከ ጥጉ ቢሄድበት ኖሮ ግን የሁለቱ ልጆች ጉዳይ እዚያው ላይ ይገናኝ ነበር። ለአንዲት አጭር ሞዴል ብሎ ናሙናውን ከባዶ የሚቀድ ዲዛይነር ምን ያጣል? ማን ይከፍለዋል? ኤጀንሲው ምን ይላል? የቺዩኪና የኢኩቶ ውል ከባድ የሚሆነው ያኔ ነበር።

ኮኮሮም እንደዚሁ። አንዷ በቁመቷ ማጠር የተዘጋባት በር ለሌላዋ በቁመቷ መርዘም በግድ ተከፍቶላታል፣ እሷ ደግሞ መውጣት ነው የምትፈልገው። ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ማነጋገር ነው፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም ነበር። ጥቂት ጊዜ ይሞክረዋል፤ ከዚያ ውድድሩ ይጠራል፣ ሁሉም ይሮጣል።

ጊዜ አነሰ የሚለውን ክርክር እዚህ ላይ እቀበላለሁ። የኮቶባ ኢኖያ ማንጋ ከ2017 እስከ 2021 ድረስ ወጥቶ 22 ቅጽ ሆኗል። አኒሜው ሲታይ ገና አላለቀም ነበር። 12 ክፍል ውስጥ እስከ ጌይካው ትርኢት ለመድረስ ሲሮጡ የተቆረጠው ትንፋሹ ነው። ማንጋው ላይ አንድ ልብስ ሙሉ ገጽ ይሰጠዋል። ገጹን ስትገልጥ ትቆማለህ፣ ጨርቁን ታያለህ፣ ቅዱን ታያለህ፣ የፈለግከውን ያህል ትቆያለህ። ወረቀት ላይ የቆመ ሥዕል ጉድለት የለበትም፣ እንዲያውም አንባቢው ራሱ ያንቀሳቅሰዋል። አኒሜው ያንን ገጽ ወስዶ አራት ሰከንድ ሲሰጠው መቆሙ ብቻ ቀረ፣ ጊዜው ሄደ።

አሁን ደግሞ ያልበደለኝን ልናገር፣ ምክንያቱም ሰው ሳያየው እንዲተወው አልፈልግም።

ስለ ገንዘብ ያሳየው ነገር እውነት ነው። ፋሽን ላይ የሚሠሩ ታሪኮች ብዙ ጊዜ ጨርቅ ከሰማይ የሚወርድ ያስመስላሉ። እዚህ ግን ኢኩቶ ዋጋ ያያል። የእናቱ የሆስፒታል ወጪ ሲከብድ ሕልሙን እስከ መሸጥ ጫፍ ይደርሳል። ተፎካካሪው ቶ ሁሉ ነገር ተሟልቶለት ያደገ ነው፣ ጎበዝም ነው፤ ታሪኩ ሀብታሙን ሰነፍ አድርጎ ነገሩን አላቀለለውም። ልብስ ዲዛይን የሚማር ሰው ይህ ይገባዋል። ከፊታችሁ የተቀመጠው ተማሪ ሐሳቡ ከእናንተ አይበልጥም፣ ግን አምስት ዓይነት ጨርቅ ገዝቶ መሞከር ይችላል፣ እናንተ አንዱን ገዝታችሁ ከተበላሸ አለቀ። ያ ፍርሃት መቀስ የያዘ እጅ ላይ ይታያል። ኢኩቶ ጨርቅ ላይ መቀስ ሊያሳርፍ ሲል ትንፋሹን የሚይዝባቸው ጊዜዎች አሉ፣ እነሱ ላይ ተከታታዩ ምን መሆን ይችል እንደነበር አየሁ።

እህቶቹም አሉ። እነሱ ባሉበት ትዕይንት ላይ ልብሱ ከሚያብለጨልጨው የራንዌይ ልብስ ይልቅ ይታመናል፣ ለምን ቢባል የሚሮጡበት፣ የሚተኙበት፣ እያጠቡ የሚለብሱት ልብስ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ2022 «ማይ ድሬስ አፕ ዳርሊንግ» ወጣ፣ የክሎቨርዎርክስ ሥራ። ስለ ፋሽን ኢንዱስትሪ አይደለም፣ ስለ ኮስፕሌይ፣ ማለትም የታሪክ ገጸ ባሕርያትን ልብስ ለብሶ ስለ መምሰል ነው፣ ለሁሉም ዕድሜ የሚሆንም አይደለም። ግን ጎጆ የሚባለው የአሻንጉሊት ሠሪ የልጅ ልጅ ልብስ ሲሰፋ ሜትር ይዞ ይለካል፣ ጨርቅ መርጦ ይገዛል፣ የስፌት መኪናው ፊት ይንገላታል፣ ያልገባውን ይጠይቃል። ልብሱ ሲያልቅ ስንት ሌሊት እንደፈጀ ታውቃላችሁ። ያንን ሳይ ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ቺዩኪ ትዝ አለችኝ፤ እሷም እንዲህ ዓይነት ሰው ይገባት ነበር።

ይታይ ወይስ አይታይ ለምትሉኝ፣ እኔ እንዲህ እላለሁ። የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች እዩ። ቺዩኪ እስከምትወድቅበትና እስከምትነሳበት ድረስ ያለው ታሪክ፣ ከነጉድለቱ፣ ጊዜያችሁን አያባክንም። ከዚያ በኋላ ወደ ማንጋው እለፉ። ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሩ እንጂ አኒሜው ካቆመበት አይደለም፣ ልብሶቹን በሙሉ ገጻቸው ማየት አለባችሁ። «ፓራዳይስ ኪስ»ን ያላየ ካለ ደግሞ ዛሬ ማታውኑ ይጀምር።

እዚህ መካከል አኒሜሽን የምትሞክሩ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ቅድም በር ላይ አግኝቻችኋለሁ። ለእናንተ አንድ ልመና አለኝ። አንድ ሰው ደረጃ ሲወርድ ቀሚሱን ብቻ ሣሉ። ፊት አያስፈልግም። አንድ ሰከንድ ትበቃለች፣ 12 ሥዕል። መጀመሪያ በቀጭን ጨርቅ፣ ቀጥላችሁ ያንኑ ደረጃ በወፍራም ጨርቅ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ላኩልኝ፣ አብረን እናያቸዋለን።

ጥያቄ ያለው እጁን ያንሳ። ተከታታዩን ወድዶት በእኔ የተናደደ ካለ ደግሞ እሱ ይቅደም።